የጎረቤት ጦር

በ1968 በጎረቤታችን በሱዳን ከኮሌራ የማይለይ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወረርሽኝ ተለይቶ የተያዘ አንድ የቪብሪዮ ኮሌሬ ዘር «ቪ52» የሚል የመዝገብ ስም ተሰጥቶት፣ በቅዝቃዜ እየተጠበቀ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ ሲተላለፍ ኖረ። በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ስሙ የሚጠራው ጀርሙ እንጂ የታመመው ሰው አይደለም። በ2006 ቦስተን ውስጥ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ስቴፋን ፑካትስኪ፣ ጆን መካላኖስና ባልደረቦቻቸው ይህን ዘር ከአሜባ ጋር አገናኙት። አሜባ ባክቴሪያን እየዋጠ የሚኖር ባለ አንድ ሴል ፍጡር ነው፤ ቪ52ን ግን መብላት ተሳነው። ተመራማሪዎቹም የባክቴሪያውን ጂኖች በየተራ እያሰናከሉ፣ የትኛው ሲጎድል ጀርሙ የአሜባ ሲሳይ እንደሚሆን መረመሩ። በዚህ መንገድ የተለዩት ጂኖች ተባብረው አንድ መሣሪያ የሚሠሩ ሆነው ተገኙ። መሣሪያውንም «ስድስተኛው ዓይነት የማስወጫ ሥርዓት» አሉት። ሳይንቲስቶች ለአስደናቂ ነገር የመሥሪያ ቤት ፋይል የሚመስል ስም የማውጣት ልዩ ስጦታ አላቸው። እኛ ግን ጦር እንለዋለን፤ ምክንያቱን አንባቢ ወዲያው ይረዳዋል።

እኛ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ነን። በፓሎ አልቶ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን። ከሳን ሆዜ የሚመጡት በባቡር፣ ከኦክላንድ የሚመጡት ባሕረ ሰላጤውን በድልድይ ተሻግረው ይደርሳሉ። ቡናው እስኪፈላ አንዱ ያነበበውን ያቀርባል፤ የቀረነው እንከራከራለን። የምናነበው በአብዛኛው ስለ መንግሥት፣ ስለ መሬት ይዞታና ስለ ፓርቲዎች አነሣሥ ነው። ተራው ማይክሮባዮሎጂ የምታጠና እኅታችን ላይ በደረሰ ጊዜ ግን «እናንተ የፖለቲካ ሰዎች ስለ ጦርነት ብዙ ታወራላችሁ፤ ዛሬ የጥንቱን ላሳያችሁ» ብላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። በዚያ ዕለት የአንዱ ጓደኛችን እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ከሳን ሆዜ አብረው መጥተው ከጀበናው አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

ያሳየችን ፊልም የ2012 ሥራ ነው። ማሬክ ባስለር የተባለው ተመራማሪ በመካላኖስ ቤተ ሙከራ ሳለ፣ የጦሩን አፎት አረንጓዴ በሚያበራ ፕሮቲን ምልክት አድርጎበት በሕይወት ባለ ባክቴሪያ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በማይክሮስኮፕ ቀረጸው። በዚሁ በካሊፎርኒያ በካልቴክ የነበሩት ግራንት ጄንሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ ሴሉን በቅጽበት አቀዝቅዘው ውስጣዊ ቅርጹን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አነሡት። ከሁለቱ አንድ ላይ የሚታየው ነገር የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በባክቴሪያው ሽፋን ላይ መደብ ይጣላል። በመደቡ ላይ ሹሉ ጫፍ ይቆማል፤ ከጫፉ ኋላ ቀለበት በቀለበት ላይ እየተደረደረ ቱቦ ይረዝማል፤ ቱቦውን ደግሞ አብሮት የሚያድግ አፎት ከውጭ ያለብሰዋል። አፎቱ እንደ ተወጠረ ሞላ ነው። ግንባታው ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይፈጃል፤ አንዳንዴ ጦሩ ከሴሉ ዳር እስከ ዳር ይዘልቃል። ከዚያም አፎቱ በድንገት ወደ ግማሽ ርዝመቱ ይኮማተራል። ይህ ከ5 ሚሊሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው፤ በፊልሙ ላይ እንኳ በአንዱ ሥዕል ረጅም የነበረው በሚቀጥለው ሥዕል አጭር ሆኖ ይገኛል እንጂ ሲኮማተር አይታይም። ቱቦው ከነጫፉ ይወነጨፋል፤ በአጠገቡ ሌላ ሴል ካለ ግድግዳውን ጥሶ ይገባል። የተወረወረው አይመለስም። የተኮማተረው አፎት ግን ውስጥ ይቀራል፤ ሌላ ፕሮቲን ኃይል እያወጣ ይፈታታዋል፤ ፍታቹም ለሚቀጥለው ጦር ይውላል። ሠርቶ፣ ወርውሮ፣ አፍርሶ እንደገና መሥራት፦ ፊልሙን ስናጣድፈው ሴሎቹ በውስጣቸው መብረቅ የሚያንጸባርቅ ይመስሉ ነበር።

የጦሩ አሠራር ባክቴሪያን ከሚያጠቁ ቫይረሶች ጅራት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ቫይረሱ ከውጭ ወደ ውስጥ ይወጋል፤ ይህኛው ከውስጥ ወደ ውጭ። ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ ከጠላቱ የማረከውን ጠመንጃ ገልብጦ የያዘ ሽፍታ ነዋ!» ቢል፣ እኅታችን ሁለቱ ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የወጡ መሆናቸው እንደሚታመን፣ ማን ከማን ማረከ የሚለውን ግን እንዲህ በቀላሉ መናገር እንደማይገባ አስረዳችው። ሽፍታው ግን ከዚያ በኋላ ከንግግራችን አልወጣም።

ይህን መሣሪያ ከሌሎች የጀርም መሣሪያዎች የሚለየው ርቀት የማያውቅ መሆኑ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች በአካባቢያቸው መርዝ ይረጫሉ፤ መርዙም በውሃ ተሸክሞ ሩቅ ያለውን ሊያገኝ ይችላል። ጦሩ ግን የሚደርሰው ጎን ለጎን የሚነካካውን ብቻ ነው። ጎረቤት ያልሆነ አይወጋም።

በመጀመሪያ ጦሩ በአሜባና በመሰሎቹ ላይ የተሠራ መስሎ ነበር። በ2010 ግን ፑካትስኪ በካናዳ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር፣ የሱዳኑ ቪ52 የአንጀታችንን ነዋሪ ኢ ኮላይን በብዛት እንደሚፈጅ አሳየ። በዚያው ዓመት ጆሴፍ ሙጉስ፣ ዶክትሬቱን ከእኛ ማዶ በበርክሌይ ሠርቶ በሲያትል ቤተ ሙከራ ያቋቋመው፣ ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ በጦሩ ጫፍ መርዝ እየላከ ሌላ ባክቴሪያን እንደሚያጠቃ ከባልደረቦቹ ጋር አስረዳ። ከመርዞቹ ከፊሎቹ የሴሉን ግድግዳ ያፈርሳሉ፤ ሌሎቹ ሽፋኑን ያሟሟሉ ወይም የዘር ቅንጣቱን ይቆራርጣሉ። ለእያንዳንዱ መርዝም ባለቤቱ ማርከሻ የሆነ ፕሮቲን ይሠራል፤ የመርዙና የማርከሻው ጂኖች እንደ ደንቡ ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው ይወረሳሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል። ምክንያቱም በዚህ ዓለም ወገንና ባዳ የሚለዩት በመተዋወቅ አይደለም። ጦሩ ከመወርወሩ በፊት ማን እንደሆነ የሚጠየቅ የለም። እኅትማማቾቹ ሴሎች ቀኑን ሙሉ እርስ በርሳቸው ሲወጋጉ ይውላሉ፤ ሁሉም ማርከሻው ስላላቸው ግን ማንም አይሞትም። በ2016 ባስለርና አንድሬያ ቬቲገር በስዊዘርላንድ ባዝል እንዳሳዩት፣ እንዲያውም የተወጋው ወንድም በሰውነቱ ውስጥ የቀረውን የጦር ክፍል ለራሱ ጦር መሥሪያ ያውለዋል። ወገን ማለት ተወግቶ ያልሞተ ማለት ነው፤ ከዚህ ያለፈ የዝምድና ምስክር የለም።

ስለ መሥራት ይህን ያህል ካልን፣ ማነጣጠር የተባለው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቪብሪዮ ኮሌሬ አያነጣጥርም። ባመቸው አቅጣጫ ይወረውራል፤ አብዛኛው ጦር ባዶ ቦታ ያርፋል። ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ግን፣ በቃጠሎ ቁስልና በደካማ ሕሙማን ሳንባ የሚታወቀው ይህ ጀርም፣ ጠባዩ ሌላ ነው። ሳይነኩት በዝምታ ይቀመጣል። ጎረቤቱ የወጋው እንደሆነ በሽፋኑ ላይ ያሉ ጠባቂ ፕሮቲኖች የቁስሉን ቦታ ይለያሉ፤ መልእክቱ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ በቆሰለበት በዚያው ስፍራ አዲስ ጦር ተሠርቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ባስለር፣ ብሪያን ሆና መካላኖስ በ2013 ሁለት ዓይነት ቪብሪዮዎችን፣ ጦር ያለውንና ጦሩ የተሰናከለበትን፣ ለየብቻ ከዚህ ጀርም ጋር ደባልቀው ነበር። ጦረኛው ተፈጀ፤ ጦር አልባው ከፕሱዶሞናስ ጎን ተኝቶ በሰላም ኖረ።

ለዚህ ሥራ በርእሱ ላይ የሰጡት ስም ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። ሮበርት አክሰልሮድ፣ ከ1968 እስከ 1974 በበርክሌይ ያስተማረውና ኋላ ወደ ሚሺጋን የሄደው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ፣ «የእስረኞች አጣብቂኝ» በሚባለው ጨዋታ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን አወዳድሮ ነበር። ያሸነፈው አናቶል ራፖፖርት የላከው፣ ከሁሉም አጭሩ ፕሮግራም ነው፤ በመጀመሪያ ተባበር፣ ከዚያ በኋላ ሌላው ያደረገብህን አድርግ ይላል። አክሰልሮድ ከሥነ ሕይወት ሊቁ ከዊልያም ሃሚልተን ጋር በ1981 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ጨዋታ ባክቴሪያ ሳይቀር ሊጫወተው እንደሚችል ገልጾ ነበር፤ መጽሐፉ በ1984 ታተመ። ይህን ስናነሣ የኦክላንዱ ጓደኛችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ማለት ነው እንጂ፣ ለዚህ ኮምፒውተር ምን አስፈለገ?» አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁ በኋላ ግን ክርክሩ ከረረ። ከፊሎቻችን፣ የፖለቲካ ትምህርት መሠረት እስከ ጀርም ድረስ መውረዱ ተረጋገጠ ብለው ደስ አላቸው። ከፊሎቻችን አልተቀበልነውም፤ ይህ ጽሑፍም የእነዚህን ወገን ሐሳብ የሚገልጽ ነው።

አክሰልሮድ ብድር መመለስን ወደ ትብብር የሚያደርስ መንገድ ያደረገው ተጫዋቾቹ ደግመው ደጋግመው ስለሚገናኙና ያለፈውን ስለሚያስታውሱ ነው። አጸፋው መልእክት ነው፤ የተቀጣው ወገን ተረድቶት ጠባዩን ያርማል። ፕሱዶሞናስ የወጋው ቪብሪዮ ግን ይሞታል፤ የሚታረም ጠባይ፣ የሚጠበቅ ነገ የለውም። ታዲያ አጸፋው ለምን ይጠቅማል? በ2020 በኦክስፎርድ ዊልያም ስሚዝ፣ ኬቪን ፎስተርና ባልደረቦቻቸው፣ ባስለርም አብሯቸው ሆኖ፣ ይህንኑ በኮምፒውተር ስሌት መርምረው ነበር። አጸፋ መመለስ የሚያዋጣው ጦር በከንቱ ስለማይባክንና ወደሚገኝበት ስለሚነጣጠር ነው፤ ይህም የሚሆነው ባለ አጸፋው የመጀመሪያውን ውጊያ መቋቋም ከቻለ፣ ደግሞም ለአንድ ጦር ብዙ ጦር መመለስ ከቻለ ነው። የኦክላንዱ ጓደኛችን ይቅር ይበለንና ቁናው እኩል አይደለም፤ አንድ ለተሰፈረለት ብዙ ይሰፍራል።

ከዚህም የከፋ አለ። እነዚሁ ሦስት ተመራማሪዎች በዚያው በ2013 ኢ ኮላይን ከፕሱዶሞናስ ጋር ሲያገናኙ፣ ጂን ለማካፈል ቱቦ የሚዘረጋው ኢ ኮላይ እንደ ወራሪ ተቆጥሮ ሲወጋ አዩት። እርግጥ ጂን ማካፈል ሁልጊዜ በጎ ስጦታ አይደለም፤ ተቀባዩን የሚያስቸግር ጥገኛም አብሮ ሊገባ ይችላል። ይሁንና ሊሰጥ የመጣውና ሊገድል የመጣው በአንድ ዓይነት መልስ ይስተናገዳሉ። ሽፋኑ ተነካ፤ በቃ። በ2015 ደግሞ የሙጉስ ቤተ ሙከራ እንዳሳየው፣ የሞቱ ወገኖቹ ፈሳሽ ሲደርሰው ይህ ጀርም ራሱ ገና ሳይነካ ትጥቁን ያጠብቃል። በእኛ አስተያየት የፖለቲካ ነገር የሚጀምረው «ማን ወጋኝ? ለምንስ ወጋኝ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ጀርሙ የሚያውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የት?

ጎረቤቶች ብቻ የሚወጋጉ ከሆነ ሰፈሩ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ከእማማ የመጣ ነበር፤ «እየተጋደሉ እንዴት አብረው ይኖራሉ?» አሉ። መልሱ፣ አብረው አይኖሩም ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ሁለት ተገዳዳይ ዘሮች ተደባልቀው ሲዘሩ ምን እንደሚሆን አሳይቷል። በመካከል ያሉት ጥቂቶች ቶሎ ያልቃሉ፤ ጥቂት ቆይቶ እያንዳንዱ ዘር የየራሱን መንደር ይዞ ይገኛል፤ ውጊያውም በመንደሮቹ ድንበር ላይ ብቻ ይቀጥላል። ድንበሩ ላይ ሬሳ ሲከመር ደግሞ ሬሳው ራሱ አጥር ይሆናል፤ ጦሩ ከሙታኑ አልፎ ሕያዋኑን ሊያገኝ አይችልም። ስሚዝና ፎስተር በ2020 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ፣ ብዙዎቹ የጦር መርዞች ሴሉን መግደል ብቻ ሳይሆን የሚያፈርሱት በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ፤ የፈረሰ ሬሳ መንገድ አይዘጋም። ይህ ሲነገር በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። እያንዳንዳችን ስለ የት አገር እንዳሰብን መጠየቅ አላስፈለገም። እኛ ግን ምሳሌውን ከዚህ በላይ ልንገፋው አንፈልግም፤ ሰውን እንደ ጀርም መቁጠር በዘመናችን ብዙ ደም ያፈሰሰ ልማድ ነው፤ ከጀርም ተነሥቶ ስለ ሰው መፍረድም የዚያው ልማድ ታናሽ ወንድም ነው።

ይልቅ ጀርሙን እንደ ጀርም እንየው። ቪብሪዮ ኮሌሬ የሚኖረው በወንዝ አፍና በባሕር ዳር ውሃ፣ በጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ቅርፊት ላይ ተጣብቆ ነው። የሱዳኑ ቪ52 ጦሩን ሁልጊዜ ይወረውራል፤ ከ1961 ወዲህ ዓለምን የሚያዳርሰው የሰባተኛው ወረርሽኝ ዘር ግን ጦሩን ደብቆ ይዞ፣ ቅርፊቱን የመሰለ አመቺ ቦታ ሲያገኝ ያወጣዋል። በ2015 ሜላኒ ብሎኬሽና ባልደረቦቿ በሎዛን እንዳሳዩት፣ በቅርፊቱ ላይ ጎረቤቱን ወግቶ ካፈረሰ በኋላ የተበተነውን የዘር ቅንጣት ለቅሞ የራሱ ያደርጋል። የገደለውን ይወርሳል ማለት ነው። ወደ ሰው በገባ ጊዜ ደግሞ አንጀቱ ባዶ አይደለም፤ ነባር ነዋሪዎች ቦታውን ይዘዋል። በ2018 የመካላኖስ ቤተ ሙከራ በጨቅላ አይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ጦር ያለው ቪብሪዮ በአንጀት ያለውን ኢ ኮላይ እየገደለ ለራሱ ቦታ ሲያገኝ፣ በሽታውም ሲብስ ታይቷል።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ቤታችን የሚገባው በዚህ በር ነው። ሰባተኛው ወረርሽኝ አፍሪካ የገባው በ1970 ነው፤ ኢትዮጵያም የደረሰው በዚያን ጊዜ ነው። እማማ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። ውሃ ሳይፈላ፣ ጎመን ሳይበስል እንዳይቀመስ ሽማግሌዎቹ በየቤቱ እየዞሩ ይናገሩ እንደነበር፣ ለቅሶ መድረስ እንኳ ይፈራ እንደነበር ነገሩን። ከዚያ ወዲህ በሽታው ስም እየቀየረ መጥቷል። በ2006ም በ2016ም የተነሡት ወረርሽኞች በይፋ የሚጠሩት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ባጭሩ አተት፣ እየተባሉ ነበር። የአንድን በሽታ ስም ትቶ ምልክቱን መጥራት ለምን እንደሚመረጥ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ስሙ ሲነገር ንግድና ቱሪዝም ይነካል። በ2022 በባሌ የተነሣው ወረርሽኝ ግን በስሙ ኮሌራ ተባለ። በ2023 ወደ ብዙ ክልሎች ተዛመተ፤ በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ፈውስ ፍለጋ የተሰበሰቡ ምእመናንም በበሽታው ተያዙ።

እኅታችን በመጨረሻ አንድ ነገር አጥብቃ አስገነዘበችን። ጦሩ ለጀርሙ ቦታ ያስገኝለታል እንጂ ሰውን የሚገድለው እርሱ አይደለም። ሰውን የሚገድለው ጀርሙ ቦታውን ከያዘ በኋላ የሚያመነጨው ሌላ መርዝ ነው፤ መርዙ የሰውነትን ውሃና ጨው በአንጀት በኩል ያፈስሰዋል፤ ሰውየው በሰዓታት ውስጥ ደርቆ ይሞታል። የፈሰሰው በጊዜ ከተተካ ግን ከመቶ በሽተኞች የሚሞተው አንድ እንኳ አይሞላም። ለመተካትም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ይቻላል፤ የባሰበት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በደም ሥሩ ይሰጠዋል።

እማማ ልኩን በጣታቸው ቆጥረው ያዙ። ከዚያም ስኒውን እያቀረቡ፣ ንጹሑ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠየቋት። ማፍላት ነው አለቻቸው። እርሳቸውም ማገዶውን ጠየቁ።